ወይኑ ምን ምን ይላል? የፈረንሳይ ወይን መቅመስ የለመድኩበት መንገድ

ሊዮን ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ ሥራ የጀመርኩት በዕቃ አጣቢነት ነው። ሁለት ዓመት ካጠብኩ በኋላ ወደ መስተንግዶ ተዛወርኩ። ምግቡን ቶሎ ለመድኩት። ወይኑ ግን አስጨነቀኝ። ዝርዝሩ አሥራ ስምንት ገጽ ነው። እንግዳው ጣቱን አንዱ ስም ላይ አድርጎ "ይሄኛው እንዴት ነው?" ይለኛል። እኔ "በጣም ጥሩ ነው" ከማለት በቀር ቃል የለኝም። ሁሉንም "በጣም ጥሩ ነው" የሚል አስተናጋጅን ደግሞ ማንም ሁለተኛ አይጠይቀውም።

ይህን የምጽፈው ጥሩ ወይን ፊታቸው ቀርቦ "ይሄ የኔ ነገር አይደለም" ብለው ለሚያልፉ ወገኖቼ ነው። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ዛሬ ወይን መቅመስ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ነው። እዚህ የደረስኩበትን መንገድ ልንገራችሁ።

የምግብ ቤታችን የወይን ኃላፊ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴት ነበሩ። ፈረንሳዮቹ ሶመሊየ ይሏቸዋል፤ እኛ ሁላችን ማዳም ነበር የምንላቸው። ሐሙስ ሐሙስ በሩ ከመከፈቱ በፊት ሦስት አራት ጠርሙስ ከፍተው ያስቀምሱናል። የሥራ ጓደኞቼ ብርጭቆውን አሽተው "ካሲስ"፣ "ግሮዜይ"፣ "የአካሲያ አበባ" ይላሉ። እኔ ካሲስ የሚባለውን ፍሬ በዓይኔም አይቼው አላውቅም። ለሳምንታት ዝም አልኩ። አፍንጫ የለኝም ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ሐሙስ ኮት ሮቲ ከፈቱ። ኮት ሮቲ ከሊዮን በስተደቡብ፣ ቪየን ከተማ አጠገብ፣ በሮን ወንዝ ዳር ባለ ገደል በሚያህል ቁልቁለት ላይ የሚበቅል ቀይ ወይን ነው። የሚሠራበት የወይን ፍሬ ሲራ ይባላል። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ እናቴ ቅመም የምትወቅጥበት ሙቀጫ ትዝ አለኝ። ሳላስበው "ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል" አልኩ በአማርኛ። ከዚያ በፈረንሳይኛ "ፕዋቭር" ብዬ ደገምኩት። ማዳም ብርጭቋቸውን አስቀመጡና "ትክክል። በዚህ ክፍል ውስጥ በደንብ ያሸተተው እሱ ነው" አሉ።

በኋላ እንዳነበብኩት ነገሩ ግምት አልነበረም። ሮታንዶን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ቁንዶ በርበሬን ቁንዶ በርበሬ የሚያሰኘው እሱ ነው። የሲራ ፍሬ ገለፈት ላይም ያው ራሱ ንጥረ ነገር ይገኛል። ያሸተትኩት እውነተኛ ቁንዶ በርበሬ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሽ ደብተር ገዝቼ በአማርኛ መጻፍ ጀመርኩ። እኛ እኮ የቅምሻ ቋንቋ አለን። "ጭስ ጭስ ይላል"፣ "ማር ማር ይላል"፣ "ሻገት ሻገት ይላል" እያልን ነው ያደግነው። የሰፈር እናቶች ጠላ ቀምሰው ጌሾው መብዛቱን፣ ጋኑ በደንብ አለመታጠኑን በአንድ ጉንጭ ይለያሉ። ወይን ቀማሽ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው፦ የፈረንሳዮቹን የፍሬ ስም አትሸምድዱ። ያሸተታችሁት ነገር የትኛውን ጓዳ፣ የትኛውን ገበያ እንዳስታወሳችሁ ጻፉ። ትርጉሙ በኋላ ይመጣል።

ከደብተሬ ጥቂት ላካፍላችሁ። ሳንሴር፣ ማለትም ከሎዋር ወንዝ አካባቢ የሚመጣው የሶቪኞ ብላን ነጭ ወይን፣ "ለቡና የተጎዘጎዘ ትኩስ ቄጠማ፣ ላዩ ላይ ሎሚ የተጨመቀበት" ይላል ጽሑፌ። ፈረንሳዮቹ የታጨደ ሣር ይሉታል። ኮንድሪዩ፣ ከኮት ሮቲ ጎረቤት የሚሠራው የቪዮኜ ነጭ ወይን፣ "የበሰለ ኮክ" ነው። ሶቴርን የሚባለው ጣፋጩ የቦርዶ ነጭ ደግሞ ማር ማር ይላል። እሱ የሚሠራው ቦትሪቲስ የሚባል ሻጋታ ይዞት ከተኮማተረ ወይን ነው። ሻጋታው የፍሬውን ውሃ ያስተንነውና ስኳሩን ያከማቸዋል። በጠጅ ያደገ ሰው ሶቴርንን ለማወቅ ብዙ አይቸገርም።

ስለ በርሜል ግን ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ ለኔ ትልቁን በር የከፈተልኝ እሱ ነው። አንድ ጊዜ ማዳም በርሜል ሠሪዎች ዘንድ ወሰዱን። ሰውዬው የዝግባ ሳይሆን የኦክ እንጨት ጣውላዎችን በብረት ቀለበት አስሮ፣ ታችና ላዩ ክፍት የሆነውን በርሜል እሳት ላይ አቆመው። እንጨቱ በውስጥ በኩል ቀስ እያለ ይጠበሳል። በየመሃሉ ውሃ ይረጭበታል። ሙቀቱ ጣውላውን አለስልሶ እንዲታጠፍ ያደርገዋል፤ ጥብሳቱ ደግሞ ኋላ ወይኑ ውስጥ የሚገባውን ሽታ ይሰጠዋል። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ቆሜ ቀረሁ። በግራዋ ታጥቦ በወይራ የታጠነ ጋን ነው! እንጨቱ ሌላ፣ አገሩ ሌላ፣ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። መጠጡ የሚያርፍበትን ዕቃ በጭስና በእሳት ታሰናዳዋለህ፤ ዕቃው ደግሞ ለመጠጡ ያካፍለዋል። ከፈረንሳይ ታላላቅ የወይን አውራጃዎች መካከል የቡርጎኝ በርሜል 228 ሊትር፣ የቦርዶው 225 ሊትር ይይዛል። በርሜሉ አዲስ ሲሆን ሽታው ይከብዳል፤ እያረጀ ሲሄድ ይቀንሳል። አሁን ወይን ሳሸት ቫኒላ፣ የተቆላ ቡና ወይም ጭስ ከመጣብኝ በርሜሉ መሆኑን አውቃለሁ። ፍሬው ከዚያ ሥር ነው ያለው።

ይህን በራሳችሁ ለማየት ሁለት ነጭ ወይኖች ጎን ለጎን ቅመሱ፦ አንድ ሻብሊ እና አንድ ሙርሶ። ሁለቱም ቡርጎኝ ናቸው። ሁለቱም የሚሠሩት ሻርዶኔ ከሚባል አንድ የወይን ዓይነት ነው። ሻብሊ ሰሜን ነው፣ ብርድ ነው፤ አፈሩ ውስጥ የጥንት የባሕር ዛጎሎች አሉ። ብዙዎቹ አምራቾች ተራውን ሻብሊ አዲስ በርሜል አያስነኩትም። ሲቀመስ ሎሚና እርጥብ ድንጋይ ነው። ሙርሶ በርሜል ውስጥ ይተኛል፤ ቅቤ ቅቤ፣ ለውዝ ለውዝ ይላል። ቅቤው የሚመጣው ከሁለተኛው መብላላት ነው፤ ስለታሙ የፖም አሲድ ወደ ለስላሳው የወተት አሲድ ሲለወጥ። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ማታ የቀመሰ ሰው ከአንድ ወር ንባብ በላይ ይማራል። ሙርሶ ውድ ነው። ከአቅም በላይ ከሆነ በርሜል የገባ ነጭ ማኮን ፈልጉ፤ እሱም ሻርዶኔ ነው።

እስካሁን ስለ አፍንጫ ነው ያወራሁት። አፍ ግን ከአፍንጫ ይቀላል፤ ስምም አያስፈልገውም። እኔ ሦስት ነገር ብቻ እጠብቃለሁ።

አንደኛው ኮምጣጣነቱ ነው። ወይኑን ከዋጣችሁ ወይም ከተፋችሁ በኋላ ጉንጫችሁ ውስጥ ምራቅ ከሞላ አሲዱ ከፍ ያለ ነው። ወይን ሕይወት ያለው የሚመስለው በዚህ ነው። ሁለተኛው ታኒን ነው። ይሄ የሚመጣው ከፍሬው ገለፈትና ከዘሩ ነው፤ ቀይ ወይን ከገለፈቱ ጋር ስለሚብላላ በብዛት እሱ ላይ ይገኛል። ያልበሰለ ሙዝ የነከሰ፣ ወይም ፔርሙስ ውስጥ ያደረ ጥቁር ሻይ የጠጣ ሰው ያውቀዋል። ምላስንና ድድን ይይዛል፣ ያደርቃል። ታኒን መጥፎ አይደለም። ጥያቄው ሻካራ ነው ወይስ ለስላሳ የሚለው ነው። እንደ ጆንያ ወይስ እንደ ሻማ ነጠላ? ሦስተኛው ርዝመቱ ነው። ወይኑ ከአፍ ከወጣ በኋላ ጣዕሙ ስንት ሰከንድ ይቆያል? ፈረንሳዮቹ ለዚህ መለኪያ አላቸው፤ አንዷን ሰከንድ አንድ ኮዳሊ ይሏታል። እኔ በልቤ እቆጥራለሁ። አራት አምስት ላይ የሚጠፋ አለ። አሥር የሚያልፍ አለ። በእውነት ምርጥ የሆነ ወይን የሚለየኝ እዚህ ላይ ነው፤ ስሙን ሳላይ፣ ዋጋውን ሳልጠይቅ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብርጭቆውን ከሲሶ በላይ አትሙሉት፤ ሽታው የሚጠራቀምበት ቦታ ይፈልጋል። እግሩን ያዙት። ሳታንቀሳቅሱ አንድ ጊዜ አሽቱ። ከዚያ አሽከርክራችሁ እንደገና አሽቱ። አንድ ጉንጭ ወስዳችሁ አፍ ውስጥ አዙሩት፤ ትንሽ አየር ሳቡበት። ድምፅ ያወጣል። እናቴ ብታየኝ ትቆጣ ነበር፤ እዚህ ግን ነውር የለውም።

መትፋትም ነውር የለውም። ይሄንን አስረግጬ የምናገረው ስለተጎዳሁበት ነው። መጀመሪያ ጊዜ ከሊዮን በባቡር ተነስቼ ወይን ልቀምስ ቡርጎኝ ውስጥ ወዳለችው ቦን ከተማ ስሄድ፣ ሰው ቤት ገብቶ የቀረበለትን መትፋት አልሆንልህ አለኝ። ሁሉንም ዋጥኩት። አምስተኛው የወይን ጓዳ ላይ ስደርስ ማሽተትም መጻፍም አቃተኝ። የዚያን ቀን ማስታወሻዬ ግማሹ አይነበብም። ለመትፊያ የሚቀርበው ዕቃ ክራሽዋር ይባላል። ሳትጠየቁ ተጠቀሙበት። ባለቤቱ አይቀየምም፤ እንዲያውም በቁም ነገር እንደመጣችሁ ያውቃል።

ወደ ቦን ሁለተኛ ስመለስ ሌላ ሰው ሆኜ ነው የሄድኩት። ከተማዋ ውስጥ በ1443 የተመሠረተ ኦስፒስ የሚባል የጥንት ሆስፒታል አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የራሱ የወይን ማሳዎች አሉት። በየዓመቱ የኅዳር ወራቸው ሦስተኛ እሑድ ላይ ወይኑ በበርሜል በጨረታ ይሸጣል። እኔን ግን የማረከኝ ከከተማው ውጭ ያለው መንገድ ነው። ከቦን ወደ ዲጆን የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዛችሁ ወደ ሰሜን ስትሄዱ በስተግራ ኮረብታው ይታያል። ከመንገዱ በላይ፣ ቁልቁለቱ ወገብ ላይ ያሉት ማሳዎች ታላላቆቹ ናቸው። ከመንገዱ በታች፣ ሜዳው ላይ ያለው ደግሞ በአብዛኛው ተራ ቡርጎኝ ይባላል። በመካከላቸው ያለው ርቀት በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው። ከታች ወደ ላይ አራት ደረጃ አላቸው፦ ክልላዊ፣ የመንደር፣ ፕሪሚዬ ክሩ እና ግራን ክሩ። ጎንበስ ብዬ አፈሩን አነሳሁ። ላይኛው ጠጠርና ኖራ ድንጋይ የበዛበት ነው፤ ውሃ አይቋጥርም። ታችኛው ወፍራም ጭቃ ነው። ጤፍ ያረሰ ሰው መሬት ከመሬት እንደሚለይ አይነገረውም። ፈረንሳዮቹ እያንዳንዷን ቁራሽ ማሳ ክሊማ ይሏታል። የቡርጎኝ ክሊማዎች በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

እዚያው መንገድ ላይ ክሎ ደ ቩጆ አለ። የሲስተርሲያን መነኮሳት ያለሙት፣ ዙሪያውን በግንብ የታጠረ 50 ሄክታር ያህል ግራን ክሩ ነው። ዛሬ 80 ገደማ ባለቤቶች ተከፋፍለውታል። ሁሉም ጠርሙሳቸው ላይ ያንኑ ትልቅ ስም ይጽፋሉ። አጥሩ ውስጥ ላይኛው ጥግም አለ፣ ታችኛው ረግረግም አለ። ጎበዝ አምራችም አለ፣ ቸልተኛም አለ። ከዚህ የተማርኩት፦ ቡርጎኝ ስትገዙ ከማሳው ስም ይልቅ የአምራቹን ስም አጥኑ። የጎበዝ አምራች የመንደር ወይን ከቸልተኛው ግራን ክሩ ሲበልጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በግማሽ ዋጋ ባልሞላ ገንዘብ።

የጠርሙሱን ጽሑፍ ስታነቡ የወይኑን ዓይነት ካጣችሁት አትደናገጡ። ፈረንሳይ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ቦታው ነው። ቀይ ቡርጎኝ ካለ ፒኖ ኗር ነው። ቦዥሌ ካለ ጋሜ ነው። ቦርዶ ብዙውን ጊዜ ድብልቅ ነው፤ "ግራ ዳርቻ" በሚሉት ጠጠራማ መሬት ካበርኔ ሶቪኞን ያመዝናል፣ "ቀኝ ዳርቻ" በሚሉት እነ ሳን ቴሚሊዮን ጋ ሜርሎ። አልዛስ ግን የወይኑን ስም ፊት ለፊት ይጽፍላችኋል። "ቪዬይ ቪኝ" ማለት የዕድሜ ባለጸጋ የወይን ተክል ማለት ነው፤ ስንት ዓመት እንደሆነ ግን ሕጉ አልወሰነም። ለሱ ብላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ።

ለጀማሪ ምን ልግዛ ብትሉኝ ቦዥሌ እላለሁ። አዲስ የወጣውን ኑቮ ማለቴ አይደለም። አሥሩን የቦዥሌ ክሩዎች፣ ማለትም በራሳቸው ስም የሚሸጡትን የተመረጡ ቦታዎች ማለቴ ነው፦ ሞርጎን፣ ፍለሪ፣ ሙላን አ ቫን እና ሌሎቹ። በ1395 የቡርጎኝ መስፍን ፊሊፕ ደፋሩ ጋሜን ከግዛቴ ንቀሉ ብሎ አዝዞ ነበር። ደቡብ ላይ ባለው የቦዥሌ ግራናይት ላይ ግን ጋሜ ቦታውን አገኘ። ታኒኑ ለስላሳ ነው፣ እንጆሪ እንጆሪ ይላል፣ ዋጋውም አያስጨንቅም። በመስከረም ወራቸው ሱፐርማርኬቶቹ "ፍዋር ኦ ቫን" የሚሉት የወይን ገበያ አላቸው። እኔ ደህና ደህናውን የምሸምተው ያኔ ነው።

የሙቀቱን ነገር አደራ። "ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት" የሚባለው የጥንቱ ቀዝቃዛ የድንጋይ ቤት ሙቀት ነው፤ የዛሬው 23 ዲግሪ ሳሎን አይደለም። አንድ ቀን በበጋ ፒኖ ኗር ቀዳሁ፤ አልኮሉ ብቻ አፍንጫዬን ወጋኝ። ማዳም ምንም ሳይሉ ጠርሙሱን በረዶ ውስጥ አሥራ አምስት ደቂቃ አቆዩትና እንደገና ቀዱልኝ። ያው ወይን እንጆሪውንም አበባውንም አወጣ። ፒኖ ኗርና ቦዥሌ 14 ዲግሪ አካባቢ፣ ቦርዶ 17 አካባቢ ደስ ይላቸዋል። ነጩን ደግሞ ከፍሪጅ እንደወጣ አትቅመሱት። ቅዝቃዜ ሽታ ይደብቃል። ሙርሶን የመሰለ ነጭ 12 ዲግሪ ላይ ነው አፉን የሚከፍተው።

ከባለሙያዎች ጋር ተቀምጣችሁ ከፈራችሁ ደግሞ ይሄን አስቡ። በ2001 በታተመ የቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 54 ቀማሾች ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀልቶ ቀረበላቸው። የገለጹት በቀይ ወይን ቃላት ነው። ዓይናቸው አፍንጫቸውን መራው። ይህን ካነበብኩ በኋላ እኔና ባለቤቴ ዓይናችንን በነጠላ ሸፍነን፣ ሁለቱንም በአንድ ሙቀት አድርገን ነጭና ቀይ መለየት ተለማመድን። ከባድ ነው። ግን ዓይን ሲዘጋ አፍ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው።

ከእኛ ምግብ ጋርስ? ብዙ ሞክሬያለሁ። እንጀራ ኮምጣጣ ነው፤ ኮምጣጣ ምግብ ደግሞ የወይኑን አሲድ ይውጠዋል። ስለዚህ ለስላሳ ወይን ከእንጀራ ጋር ውሃ ውሃ ይላል፤ አሲዱ ጠንከር ያለ ምረጡ። በርበሬ ደግሞ ከአልኮልና ከታኒን ጋር ሲገናኝ የበለጠ ያቃጥላል። ለዶሮ ወጥ ከባድ ቦርዶ አውጥቼ ሁለቱንም አበላሽቻቸዋለሁ። አሁን ለዶሮ ወጥ ትንሽ ጣፈጥ የሚለውን የሎዋር ነጭ ወይን፣ ቩቭሬ ዴሚ ሴክ ነው የማወጣው። ጣፋጩ በርበሬውን ያበርደዋል፣ አሲዱ እንጀራውን ይችለዋል። ለጥብስ ሲራ፣ ቁንዶ በርበሬው ከሥጋው ጋር ይስማማል። ለክትፎ ቀዝቀዝ ያለ ሞርጎን።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ይሄ የደረሰብኝ አስተናጋጅ በነበርኩበት ሁለተኛ ዓመት ነው። ለባልና ሚስት የጋብቻ በዓላቸው ቀን ውድ ቀይ ወይን ከፈትኩ። ሳሸተው የረጠበ ካርቶን፣ ምድር ቤት ያደረ ጨርቅ ሸተተኝ። "ውድ ወይን እንዲህ ይሆን ይሆናል" ብዬ ቀዳሁላቸው። ባልየው ዝም አለ። እሱም እንደኔ ፈርቶ ነው መሰለኝ። ማዳም በአጠገባችን ሲያልፉ ሽታው ገና ከሩቅ ደረሳቸውና ይቅርታ ጠይቀው ጠርሙሱን ቀየሩት። ቲሲኤ የሚባል ነገር ቡሹን ይዞት ነበር። ጤና አይጎዳም፣ ወይኑን ግን ይገድለዋል። ተራም ውድም አይመርጥም። እንዲህ ያለ ወይን መመለስ መብታችሁ ነው። "ይሄ ወይን ቡሽ ቡሽ ይላል" በሉ፤ በፈረንሳይኛም "ቡሾኔ" ነው የሚባለው።

ጓዳ ውስጥ ማዳም ሲነግሩኝ "ቀድመህ ሸቶህ ነበር አይደል?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። "እንግዲያው ሌላ ጊዜ ቶሎ ተናገር" አሉና ሁለቱን ብርጭቆ፣ የታመመውንና ጤነኛውን፣ ጎን ለጎን አቁመው እስክለየው ድረስ አስሸተቱኝ።